ከክኒኑ በፊት ቀለሙ ይናገር

በዛሬው የጤና ገጻችን ብዙዎቻችን ደጃፉ ላይ ወረፋ የጠበቅንበትን፣ ውስጡ ምን እንደሚሠራ ግን እምብዛም ያልጠየቅነውን አንድ ክፍል እንጎበኛለን። እርሱም የጤና ጣቢያው ወይም የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ነው። አክታ፣ ደም ወይም ሽንት በትንሽ ዕቃ አድርገን በመስኮት እናቀብላለን፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጥቂት ቃላት የተጫሩባት ወረቀት ትመለስልናለች። በመካከሉ ምን ተደረገ? ወረቀቷስ ባትኖር ምን ይጎድልብናል? የዚህን ጥያቄ መልስ ማወቅ ለአንድ ቤተሰብ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ትኩሳቱ አንድ፣ ጀርሙ ብዙ

እስቲ በሐሳብ ወደ ላስታ ደጋ እንሂድ። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ቤተሰቡ በምድጃ ዙሪያ ተጠጋግቶ፣ አንዱን ቡልኮ ተጋርቶ ያድራል። ውሃ ከሩቅ ስለሚቀዳ ልብስ ቶሎ ቶሎ አይታጠብም። ከብቱም ከሰው ብዙ አይርቅም። ወጣቶች ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ወርደው ይመለሳሉ።

ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ አንድ ሰው አተኮሰው እንበል። ራሱን ያመዋል፤ ያንቀጠቅጠዋል፤ ምግብ አልቀምስ ይላል። ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዱ «ምች ነው፣ ዳማ ከሴ አሽታችሁ ስጡት» ይላል። ሌላው «ከቆላ ነው የመጣው፣ ወባ ነው» ይላል። ሦስተኛዋ «ታይፎይድ ነው፤ እኔንም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር» ትላለች። አንዲት እናት ደግሞ «ግርሻ እንዳይሆን» ብለው ይሰጋሉ። በመጨረሻ አንዱ ወደ መድኃኒት ቤት ይሮጥና ባለፈው ዓመት ለወንድሙ የሠራለትን ካፕሱል ገዝቶ ይመለሳል።

ሁሉም የተናገሩት ከቅን ልብ ነው። ሆኖም ትኩሳት ጭስ እንጂ እሳት አይደለም። ጭሱን ብቻ አይቶ የሚነደው ግራር ይሁን ጽድ መለየት እንደማይቻል ሁሉ፣ ግንባርን በእጅ ዳስሶም የበሽታውን ስም ማወቅ አይቻልም። ወባ የሚመጣው በአንድ ዓይነት ጀርም ነው፤ ግርሻ በሌላ፤ ማጅራት ገትር ደግሞ በሌላ። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊት የሚመጣው ጥያቄ «ማን ነው?» የሚለው ነው።

የአራት ጠርሙስ ጥበብ

ባክቴሪያ በዓይን አይታይም። በማይክሮስኮፕ ሺህ ጊዜ አጉልተን ብንመለከተው እንኳ ቀለም የሌለው፣ እንደ ውሃ የሚያሳልፍ ነገር ስለሆነ በቀላሉ አይለይም። እንዲታይ ማቅለም ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1884 ሐንስ ክርስቲያን ግራም የተባለ ወጣት ዴንማርካዊ ሐኪም ለዚህ አንድ ዘዴ አሳተመ። (ግራም ሲባል ሚዛን ላይ የምናውቀው ግራም እንዳይመስልዎ፤ የሰውዬው ስም ነው።) ግራም በዚያን ጊዜ በበርሊን ከካርል ፍሪድሌንደር ጋር ይሠራ ነበር። በሳንባ ምች የሞቱ ሰዎችን ሳንባ እየመረመረ፣ ጀርሙን ከሳንባው ሥጋ ለይቶ የሚያሳይ ቀለም ይፈልግ ነበር። ሲሞክር አንድ ያልጠበቀው ነገር አየ። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች የነከራቸውን ቀለም በአልኮል ቢያጥባቸውም አይለቁም፤ ሌሎቹ ግን ወዲያው ይለቃሉ። ለሁሉም አንድ ቀለም ሲፈልግ፣ ባክቴሪያዎችን በሁለት ጎራ የሚከፍል መለያ አገኘ። ከ140 ዓመት በኋላም ዛሬ በመላው ዓለም ላቦራቶሪዎች፣ በአገራችንም ጭምር፣ ይኸው ዘዴ በየቀኑ ይሠራበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያው ከናሙናው ጥቂት ወስዶ በቀጭን ብርጭቆ ላይ ይቀባል፤ ያደርቃል፤ እንዲጣበቅም በእሳት ነበልባል ላይ ያሳልፈዋል። ከዚያም አራት ጠርሙሶችን በየተራ ይጠቀማል።

በመጀመሪያ ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ክሪስታል ቫዮሌት ያፈስበታል። ይህ ቀለም በሕፃናት አፍ ላይ ይቀባ ከነበረው ጂቪ ጋር አንድ ዘር ነው። ሁለተኛ፣ ለቁስል የምናውቀውን አዮዲን ይጨምርበታል። አዮዲኑ ከቀለሙ ጋር ተያይዞ በጀርሙ ውስጥ ያጓጉለዋል። ሦስተኛው አልኮል ነው። ፈተናው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ባለሙያው ጥቂት ሰከንድ አሳልፎ ቢያቆየው ውጤቱ ይዛባል። አራተኛው ሳፍራኒን የሚባል ቀይ ቀለም ሲሆን፣ ወይን ጠጁን የለቀቁት በእርሱ ይቀላሉ።

በመጨረሻ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ወይን ጠጅ እንደያዙ የቀሩት «ግራም ፖዘቲቭ» ይባላሉ፤ ቀይ ወይም ሮዝ የሆኑት «ግራም ኔጋቲቭ» ይባላሉ። ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በወረቀትዎ ላይ «ግራም ኔጋቲቭ» የሚል ቢያዩ «ነፃ ነኝ» ማለት አይደለም። ጀርም ተገኝቷል፤ ቀለሙም ቀይ ነው ማለት ነው።

ጋቢ የለበሰውና ነጠላ የለበሰው

ቀለሙን አንዱ ይዞ ሌላው የሚለቀው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ልብሳቸው ነው። ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያ እንደ ጋቢ የተደራረበ ወፍራም ግድግዳ አለው። አልኮሉ ሲመጣ ግድግዳው ይኮማተርና ቀለሙን በውስጡ ቆልፎ ያስቀራል። ግራም ኔጋቲቩ ግን ግድግዳው እንደ ነጠላ ስስ ነው፤ በነጠላው ላይ ደግሞ ቅባትነት ያለው ሌላ ካባ ደርቧል። አልኮል ያንን ቅባት ያሟሟዋል፤ ቀለሙም በስሱ ግድግዳ አልፎ ይታጠባል።

ይህ ልብስ ለመድኃኒቱም ትርጉም አለው። ፔኒሲሊን የሚሠራው ባክቴሪያው ያንን ግድግዳ እንዳይሠራ በማድረግ ነው። ግድግዳው ገላጣ የሆነውን ወይን ጠጅ ጀርም በቀላሉ ያገኘዋል። ቀዩን ጀርም ግን ብዙ ጊዜ ያ የቅባት ካባ ይከልለዋል፤ ለእርሱ ካባውን አልፎ የሚገባ ሌላ መድኃኒት ያስፈልገው ይሆናል። ስለዚህ ሐኪሙ «ወይን ጠጅ» ወይም «ቀይ» የሚለውን ቃል ሲያገኝ፣ በመደርደሪያው ላይ ካሉት መድኃኒቶች የትኞቹን እንደሚያነሣና የትኞቹን እንደሚተው ፍንጭ ያገኛል።

ቅርጹስ?

ቀለም ብቻውን አይበቃም፤ ባለሙያው ቅርጹንም ያያል። አንዳንዶቹ እንደ ድንብላል ፍሬ ድቡልቡል ናቸው። አንዳንዶቹ እንደ በትር ዘንግ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ የተጠማዘዙ ናቸው። አደራደራቸውም ይነገራል። ብጉንጅና መግል የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ በወይን ዘለላ መልክ ይከማቻል፤ ስሙም በግሪክኛ ከወይን ዘለላ የመጣ ነው። የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ በክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ ይሰለፋል። ሁለቱም ወይን ጠጅ፣ ሁለቱም ድቡልቡል ናቸው፤ የሚለያቸው አሰላለፋቸው ነው።

ቀለምና ቅርጽ አንድ ላይ ሲነገሩ ወረቀቷ ምን ያህል እንደምትናገር አሁን በደጋው አገራችን በሚያውቋቸው በሽታዎች እንመልከት።

ማጅራት ገትር፦ የቡና ክክ የሚመስለው ጥንድ

አገራችን ከሴኔጋል ተነሥቶ አፍሪካን አቋርጦ በሚደርሰው «የማጅራት ገትር ቀበቶ» ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች። በሽታው የሚበረታው በደረቁና ነፋሻማው ወቅት፣ ሰው ተጠጋግቶ በሚያድርበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 በኢትዮጵያ በተነሡት ወረርሽኞች በየጊዜው ከ40,000 በላይ ሰዎች ታመዋል። በላሊበላም በየዓመቱ ታኅሣሥ መጨረሻ ለገና በዓል ከየአገሩ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ጎን ለጎን ያድራል፤ ወሩም ደረቅ ወር ነው።

ምልክቱ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ ማስመለስ፣ መቃዠት ነው። በጨቅላ ሕፃናት አንገቱ ላይገተር ይችላል፤ ጡት እምቢ ማለት፣ ያለማቋረጥ ማልቀስ፣ የአናት ርግብግቢት ማበጥ ግን ይታያል።

በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ከበሽተኛው ጀርባ በመርፌ ጥቂት ፈሳሽ መቅዳት ይፈልጋል። ስንት ቤተሰብ ነው እዚህ ላይ «ሽባ ታደርጉብናላችሁ» ብሎ በሽተኛውን ይዞ የሚወጣው! ነገር ግን መርፌው የሚገባው የአከርካሪው ሕብለ ሰረሰር ካለቀ በኋላ፣ ከወገብ ዝቅ ብሎ ነው። የጤነኛ ሰው ፈሳሽ እንደ ምንጭ ውሃ ኩልል ያለ ነው፤ ጀርም ሲገባበት ይደፈርሳል።

ያ ፈሳሽ በግራም ቀለም ተቀልሞ ሲታይ ጥንድ ጥንድ የሆኑ ጀርሞች ታዩ እንበል። ወይን ጠጅ ከሆኑና ጫፋቸው ሾጠጥ ካለ፣ ኒሞኮከስ የተባለው ጀርም ሳይሆን አይቀርም። ይህ የሳንባ ምችንም የሚያመጣው ነው። ቀይ ሆነው፣ እንደ ሁለት የቡና ክኮች በጠፍጣፋ ገጻቸው ፊት ለፊት ተያይተው ከተገኙ ግን ሜኒንጎኮከስ ነው፤ ወረርሽኝ የሚያስነሣው ይህ ነው።

የቀለሙ ልዩነት የሚያስከትለውን ነገር ይመልከቱ። ቀይ ሲሆን ጉዳዩ የአንድ በሽተኛ ብቻ አይደለም። በአንድ ቡልኮ አብረውት ያደሩት፣ በአንድ ዕቃ የጠጡት፣ ሕፃናቱ ጭምር የመከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋቸው ይሆናል። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም ወዲያው ማወቅ አለበት። በአንድ ብርጭቆ ላይ የታየች ጠብታ አንድን መንደር ልታድን ትችላለች።

በነገራችን ላይ፣ ለሜኒንጎኮከስ «ኤ» ዓይነት የተሠራው ክትባት እ.ኤ.አ. በ2010 በቡርኪና ፋሶ ተጀምሮ ከ2013 ወዲህ በአገራችንም በዘመቻ ተሰጥቷል። የዚያ ዓይነት ወረርሽኝም በአካባቢው እጅግ ቀንሷል። ሌሎቹ ዓይነቶች ግን ስላሉ በሽታው አልጠፋም። የኒሞኮከስ ክትባትም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለሕፃናት ከሚሰጡት መደበኛ ክትባቶች አንዱ ነው። የልጅዎን የክትባት ካርድ ይመልከቱ።

ለታመመ መጸለይ የቤታችን ልማድ ነው፤ መልካምም ነው። ጸሎት በመንገድም፣ በወረፋም ላይ ይጸለያል። ማጅራት ገትር ግን ቀን ሳይሆን ሰዓት የሚቆጥር በሽታ ነውና፣ እየጸለዩ ወደ ሐኪም ይገሥግሡ።

አባ ሰንጋ፦ እንደ ቀርከሃ አንጓ የተቀጣጠለው

ሁለተኛው ምሳሌያችን ከከብት የሚመጣ ነው። ትናንት ሲያርስ የዋለ በሬ ዛሬ ድንገት ይወድቃል። ገበሬው ምን ያደርጋል? ሞቶ የተገኘ ከብት በክት ነው፤ አይበላም። ስለዚህ ነፍሱ ሳትወጣ ቢላዋ ይመዘዛል። የቤቱ ሀብት በከንቱ እንዳይቀር ሥጋው ለጎረቤት ቅርጫ ይከፋፈላል፤ ቆዳው ለብቻ ይሰጣል። በዚህ ችኮላ ውስጥ ነው አባ ሰንጋ ከከብት ወደ ሰው የሚሻገረው። ከላስታ አጎራባች በሆነው በዋግ ኽምራም ባለፉት ዓመታት በሰውና በከብት ላይ መታየቱ ተመዝግቧል።

የአባ ሰንጋ ጀርም በግራም ቀለም ወይን ጠጅ ነው። ዘንግ ነው፤ ትልቅ ነው፤ ጫፉ ተቆርጦ የተስተካከለ ይመስላል። ጫፍ ለጫፍ ሲቀጣጠል የቀርከሃ አንጓ ይመስላል። ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1876 የሕይወት ዑደቱን አጥንቶ፣ አንድ የተለየ ጀርም አንድን የተለየ በሽታ እንደሚያመጣ ያሳየውም በዚሁ ጀርም ነው።

ጀርሙ አስቸጋሪ የሚያደርገው ነገር አለው። ከእንስሳው አካል ወጥቶ አየር ሲያገኝ ጠንካራ ሽፋን ያለው ዘር ይሆናል፤ በአፈር ውስጥም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ተራ ማፍላት አይበቃውም። እንደ ላሊበላ ባለ ከፍታ ደግሞ ውሃ ከ92 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ፣ «በደንብ ቀቅለነዋል» የሚለው ማጽናኛ አይሆንም።

ስለዚህ በድንገት የሞተ ከብት ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ጥቁር፣ የማይረጋ ደም ቢያዩ ፈጽሞ አይክፈቱት። ሬሳው ሳይከፈት ከጆሮ ሥር የተወሰደች የደም ጠብታ ብቻ ለምርመራ ትበቃለች። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥሩ፤ ናሙናውን ወስዶ እንደ ኮምቦልቻው ወዳለ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ ይልከዋል። ሬሳው ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር። በሰው ቆዳ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያሳክክ እባጭ፣ ቀጥሎ ውሃ የቋጠረ፣ በመጨረሻም መሐሉ የጠቆረ ቁስል ይሆናል። የሚገርመው ቁስሉ ብዙም አያምም፤ ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው። በጊዜ ከተያዘ ይድናል። ሥጋው ተበልቶ ወደ አንጀት ሲገባ ግን እጅግ አደገኛ ነው።

ግርሻ፦ በቅርጹ ብቻ የሚታወቀው

ግርሻ በሰውነት ቅማል የሚተላለፍ ነው። ልብስ በተደራረበበትና ውሃ በጠፋበት ቦታ ይበዛል፤ የኢትዮጵያ ደጋም በዓለም ላይ በሽታው ጸንቶ ከኖረባቸው ዋና ቦታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው አውሮፓ በደረሱ ስደተኞች ላይ ተገኝቶ፣ በሽታውን አይተውት ለማያውቁ ሐኪሞች አስደንጋጭ ሆኖ ነበር።

ስሙ እንደሚያመለክተው ያገረሻል። ትኩሳቱ ለጥቂት ቀናት ያነድና ይተዋል፤ ሰው «ተሻለው» ሲል ከሳምንት ገደማ በኋላ ይመለሳል። ጀርሙ ቀጭን ጠመዝማዛ ነው። ለእርሱ የግራም ቀለም አይመረጥም፤ የደም ጠብታ ለወባ እንደሚደረገው በሌላ ቀለም ተነክሮ ይታያል። ከቆላ ለተመለሰው ወጣት ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ አንዲት የደም ጠብታ ወባን ወይም ግርሻን ልታሳይ ትችላለች። የሚታየው ግን ትኩሳቱ በበረታበት ጊዜ ነው፤ «ሲተወኝ እሄዳለሁ» ያለ ሰው ጀርሙ ከደሙ በተሰወረበት ሰዓት ይደርሳል።

ግርሻን በቤት ማከም የማይገባበት ሌላም ምክንያት አለ። መድኃኒቱ ሲገባ ጀርሙ በአንድ ጊዜ ስለሚረግፍ፣ በሽተኛው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በብርቱ ሊንቀጠቀጥና የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ባለሙያ አጠገቡ ሆኖ ሊከታተለው ይገባል። ቅማልንም በጥፍር አይጨፍልቁ፤ ጀርሙ የሚወጣው ሲፈርጥ ነውና። ልብሱን በፈላ ውሃ ይዘፍዝፉ፤ ስፌቱን በካውያ ይተኩሱ።

ግራም የማይናገረው

ዘዴው ሁሉን ያውቃል ማለት አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ሰም በመሰለ ቅባት የተሸፈነ ስለሆነ የግራምን ቀለም በደንብ አይቀበልም፤ ለእርሱ ሌላ ማቅለሚያ ወይም ዛሬ በየሆስፒታሉ የተስፋፋው ጂንኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ያስፈልጋል። የታይፈስ ጀርም እጅግ ትንሽና በሴል ውስጥ የሚደበቅ ነው። ወባ ከነጭራሹ ባክቴሪያ አይደለም። ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ ቫይረስ በዚህ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ በባክቴሪያ መድኃኒትም አይሞትም።

ስለ ታይፎይድም አንድ ቃል እንበል። የታይፎይድ ጀርም ቀይ ዘንግ ነው። ነገር ግን በአንጀታችን በሰላም የሚኖሩ ሌሎች ጀርሞችም ቀይ ዘንግ ናቸው፤ በቀለምና በቅርጽ አይለዩም። በብዙ ቦታ «ታይፎይድ አለብህ» የሚባለው ዊዳል በሚባል የደም ምርመራ ነው። ይህ ምርመራ ጀርሙን አያሳይም፤ ሰውነት ለጀርሙ ያዘጋጀውን መከላከያ ይለካል እንጂ። ቀድሞ የያዘው ሰው ወይም በሌላ ትኩሳት የታመመ ሰውም «ፖዘቲቭ» ሊሆን ይችላል። እርግጠኛው መንገድ ደምን በላቦራቶሪ አብቅሎ ማየት ነው፤ እንደ ደሴ ባሉ ከተሞች ያሉ ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ለዚህ ናሙና ይቀበላሉ። «በየዓመቱ ታይፎይድ ይነሣብኛል» የሚሉ አንባቢያችን ካሉ፣ ሐኪማቸውን ስለዚህ ቢጠይቁ መልካም ነው።

ክኒኑ ቀድሞ ሲገባ

አሁን ወደ መድኃኒት ቤት ወደሮጠው ዘመዳችን እንመለስ። የገዛው ካፕሱል ሦስት ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። አንደኛ፣ ለጀርሙ የማይሆን መድኃኒት ከሆነ በሽታው ውስጥ ውስጡን ይብሳል። ሁለተኛ፣ በጥቂቱም ቢሆን ከሠራ ጀርሙን ያደክመዋል እንጂ አይገድለውም፤ በኋላ ላቦራቶሪው ቢፈልገው አያገኘውም፤ ወረቀቷ «የለም» ትላለች፤ በሽታው ግን አለ። ሦስተኛ፣ የተረፉት ጀርሞች ያንን መድኃኒት ይለምዱታል።

ይህ ሦስተኛው የዓለም ጭንቀት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ገና እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ መድኃኒቱን አሳንሶ መውሰድ ጀርሙን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈልቅቆ ቁስል ላይ መነስነስ፣ ሲሻል ማቋረጥ፣ ከጎረቤት ሁለት ሦስት ፍሬ መበደር፣ እነዚህ ሁሉ ያንኑ ማለማመድ ናቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ናሙናው ከመድኃኒቱ ይቅደም። የባክቴሪያ መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት «ምርመራ ያስፈልገኝ ይሆን?» ብለው ይጠይቁ። ማጅራት ገትር በተጠረጠረ ጊዜ ግን፣ ሆስፒታሉ ሩቅ ከሆነ ባለሙያው መጀመሪያ መርፌ ሊሰጥ ይችላል፤ እምቢ አይበሉ።

2. የወሰዱትን አይደብቁ። በቤት የዋጡትን ክኒን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ማሸጊያውን ይዘው ቢሄዱ የበለጠ ይረዳል።

3. ናሙናዎን በሚገባ ይስጡ። አክታ ሲባል ምራቅ አይደለም፤ ጠዋት ከደረት በጥልቅ ስለው የሚያወጡት ነው። ሽንት ሲሆን የመጀመሪያውን ለቀው የመካከለኛውን በንጹሕ ዕቃ ይቀበሉ። ሳይቆይም ያድርሱ።

4. ከጀርባ ፈሳሽ ይቀዳ ሲባል አይደናገጡ። ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ይፈቅዱም።

5. ከብትዎን በየዓመቱ ያስከትቡ። በድንገት የሞተ ከብት አይከፈት፤ ሊሞት ሲል የታረደም አይበላ።

6. የታዘዘልዎን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ይጨርሱ። የተረፈ ካለም ለሌላ አይስጡ።

7. ጤና ኬላ ላቦራቶሪ የለውም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግን ወዴት መሄድ እንዳለብዎ ታውቃለችና ምክሯን ይስሙ።

ውድ አንባቢ፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ላሊበላም ለወራት ያለ መብራት ቆይታለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ ትልልቅ መሣሪያዎች ይቆማሉ። አራት ጠርሙስ፣ አንድ ብርጭቆና የፀሐይ ብርሃን በመስተዋት የሚቀበል ማይክሮስኮፕ ግን ያለ መብራትም ይሠራሉ። የሚያስፈልገው የሠለጠነ ዓይንና ናሙናውን በጊዜ የሚያቀብል ሰው ነው። ዓይኑ የባለሙያው ነው፤ ማቀበሉ ግን የእርስዎ ነው።